የአዋሽ አመድ፦ ከስኳር ፋብሪካ ቦይለር እስከ አርማታ

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተራሮች ተነሥቶ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ውስጥ የሚቀር ወንዝ ነው። ከመቅረቱ በፊት ከሚያርፍባቸው ሐይቆች አንዱ አፋምቦ ይባላል፤ የወረዳውም ስም ይኸው ነው። በዚህ ወንዝና በገባሮቹ ውሃ አራት የስኳር ልማቶች ቆመዋል፦ ከላይ ወንጂ፣ ቀጥሎ መተሐራ፣ ከዚያ ከሰም፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ለአፋምቦ ጎረቤት የሆነው ተንዳሆ። ሥራቸው አንድ ዓይነት ነው። አገዳ ይጨምቃሉ፣ ጭማቂው የወጣለትን ገለባ፣ ባጋሱን፣ ቦይለር ውስጥ ያነዳሉ፣ በመጨረሻም ከቦይለሩ ሥር አመድ ይዝቃሉ።

ይህ አመድ በደንብ ከተፈጨ የሲሚንቶን ቦታ በከፊል ሊይዝ እንደሚችል በአገራችን ላቦራቶሪ ከታየ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል። የስኳር ሠራተኛው አመዱን ያውቀዋል፤ ግንበኛው የሲሚንቶን ዋጋ ያውቃል፤ መሐንዲሱ የምርመራውን ውጤት ያውቃል። ሦስቱ ግን በአንድ ግንባታ ላይ ሲገናኙ አይታይም። ለምን እንዳልተገናኙ ለመረዳት ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይሻላል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር፣ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

እስከ 1933 ዓ.ም.፦ ኖራ፣ ሰሌንና የመጀመሪያው ሲሚንቶ

አመድን ከማያያዣ ጋር ቀላቅሎ መገንባት አዲስ ነገር አይደለም። ሮማውያን ኔፕልስ አጠገብ ካለችው ፑዙዎሊ ያመጡትን የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር እየለወሱ ባሕር ውስጥ ሳይቀር ወደብ ሠርተውበታል። ኖራ ብቻውን የሚደርቀው ከአየር ጋር ተገናኝቶ ቀስ በቀስ ነው፤ ውሃ ውስጥ አይጠነክርም። ያ አመድ ሲገባበት ግን ውሃ ውስጥም ድንጋይ ይሆናል። ዛሬ መሐንዲሶች ፖዞላና የሚሉት ማንኛውም የዚህ ዓይነት አመድ ስሙን የወሰደው ከዚያች ከተማ ነው።

በእኛ አገር ኖራ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደር አብያተ መንግሥት ግንብ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ፋሲል ግንብ በእንቁላል ተለውሶ ተሠራ የሚለው ወሬ እስካሁን ከጎብኚዎች ጆሮ አልጠፋም፤ ድንጋዩን አያይዞ ያቆየው ግን ኖራ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ሕዝብ ቤቱን የሚሠራው በእንጨት፣ በጭቃና በጭድ ነበር። አፋር ደግሞ ጭቃም አያሻውም። የአፋር ሴቶች የዘንባባ ሰሌን ሠርተው፣ የታጠፈ እንጨት ላይ አልብሰው፣ ግመል ላይ ተጭኖ የሚሄድ ቤት ያቆማሉ። እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1926 ዓ.ም. አዋሽን ተከትሎ፣ በአውሳው ሱልጣን በመሐመድ ያዮ ፈቃድ ግዛታቸውን አቋርጦ፣ ወንዙ አቤ ሐይቅ ላይ ማለቁን ባየ ጊዜ በዚያ ሁሉ መንገድ የሲሚንቶ ግንብ የሚፈልግ ሰው አልነበረም።

በዓለም ደረጃ የዛሬው ሲሚንቶ የተወለደው ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ እንግሊዛዊ ግንበኛ እ.ኤ.አ. በ1824 የፈጠራ መብቱን ባስመዘገበበት ጊዜ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ የቆመው ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ድሬዳዋ ላይ ነው። ወራሪው መንገድና ድልድይ ሊሠራ ሲሚንቶ ፈለገ፤ የባቡሩ መስመር ደግሞ እዚያው ነበር። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ሲሚንቶ ከድሬዳዋ እና ከውጭ የሚመጣ ነበር።

ከ1943 እስከ 1967 ዓ.ም.፦ ሆላንዶቹና የነፃው ነዳጅ

አመዱ ወደ ታሪኩ የገባው በስኳር በኩል ነው። ኤች ቪ ኤ የሚባለው የአምስተርዳም ኩባንያ ሀብቱን ያፈራው በኢንዶኔዥያ የእርሻ ልማት ነበር። ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ ሌላ አገር መፈለግ ግድ ሆነበት፤ በ1943 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋውሎ ወንጂ ሜዳ ላይ 5,000 ሄክታር ያዘ። ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ። አጠገቡ ሸዋ ስኳር ፋብሪካ በ1955 ዓ.ም. ተከተለ።

በመሐሉ አንድ ትልቅ ነገር ተደረገ። በጣሊያን የጦር ካሣ ገንዘብ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ክረምት ከበጋ የሚለዋወጠው አዋሽ ዓመቱን ሙሉ ለመስኖ የሚሆን ወንዝ ሆነ። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ የሸለቆው መሬት ተራ በተራ ተያዘ። መተሐራ ላይ የከረዩ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት ለሸንኮራ አገዳ ተሰጥቶ ፋብሪካው በ1962 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ታች ዱብቲ ላይ የእንግሊዙ ሚቼል ኮትስ የተንዳሆ ጥጥ እርሻን አቋቋመ፤ አሳይታና አካባቢዋ ላይ ደግሞ የአውሳው ሱልጣን አሊ ሚራህ ሐንፈሬ ራሳቸው የጥጥ እርሻ አስፋፉ። ጥጥ አመድ የሚያወጣ ፋብሪካ የለውም። ስለዚህ የታችኛው አዋሽ አመድ ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት መጠበቅ ነበረበት።

ወንጂና መተሐራ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አመድ አምራች ነበሩ። አንድ ቶን አገዳ ሲጨመቅ ከሩብ ቶን የሚበልጥ እርጥብ ባጋስ ይወጣል፤ ግማሹ ውሃ ነው። ይህ ባጋስ በማመላለሻው ወደ ቦይለር አፍ ይገባል፣ እንፋሎቱ ተርባይኑንና መጭመቂያውን ያንቀሳቅሳል፣ ከአንድ ቶን አገዳ በመጨረሻ ስድስት ኪሎ ግራም የሚሆን አመድ ይቀራል። ከፍርግርጉ ሥር የሚዛቀው ሻካራ ነው፤ ያልነደደ ከሰልና አሸዋ አለበት። ከጭስ ማውጫው የሚያዘው ደግሞ እንደ ዱቄት የላመ ነው። ሠራተኛው ሁለቱንም ውሃ ረጭቶ፣ ጋሪ ላይ ጭኖ፣ ከግቢው ጀርባ ወይም ማሳ ዳር ይደፋዋል።

እዚህ ላይ ለኋላው ታሪክ የሚያስፈልግ አንድ ነገር አለ። በዚያ ዘመን ባጋስ ነፃ ነዳጅ ብቻ ሳይሆን መገላገል የሚፈለግ ሸክምም ነበር። ካልነደደ ይከመራል፣ ይበሰብሳል፣ በበጋ ደግሞ እሳት ያስነሣል። ስለዚህ ምድጃው ባጋሱን እንዲጨርስ እንጂ ጥሩ አመድ እንዲሰጥ የታሰበበት አልነበረም። ሲሚንቶም ቢሆን በዚያ ጊዜ የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረም፤ የሚገነባው ጥቂት ነበር። አመዱ መጣሉ ስንፍና አልነበረም፤ የሚፈልገው ሰው ስላልነበረ ነው።

ከ1967 እስከ 1990 ዓ.ም.፦ የእሳተ ገሞራው አመድ ቀደመ

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ፋብሪካዎቹንና እርሻዎቹን ወረሰ፤ ኤች ቪ ኤ ወጣ፤ ሱልጣን አሊ ሚራህ ተሰደዱ። ስኳሩ ቀጠለ፣ አመዱም መጣሉን ቀጠለ።

ለውጡ የመጣው ከሲሚንቶው ወገን ነው። የምሥራቅ ጀርመን መሣሪያ የተተከለለት ሙገር ሲሚንቶ በ1976 ዓ.ም. ማምረት ሲጀምር ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሊባል የሚችል ፋብሪካ አገኘች። እየቆየም በገበያው ላይ ሁለት ዓይነት ሲሚንቶ ተለመደ። አንዱ ኦፒሲ የሚባለው ተራው ነው፤ ሌላው ፒፒሲ ነው፤ ከስምጥ ሸለቆ የሚቆፈር የእሳተ ገሞራ ፑሚስ ከሲሚንቶው ዋና ክፍል ከክሊንከር ጋር አብሮ ተፈጭቶ የገባበት ማለት ነው። ፎርማኖች «ኦፒሲ ለኮለንና ለስላብ፣ ፒፒሲ ለልስንና ለብሎኬት» ማለት ይወዳሉ። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም፤ በፒፒሲ የቆመ ፎቅም ብዙ ነው። አመድ አርማታ ውስጥ ገባ ሲባል የሚሳቀቅ ሰው ራሱ የሚኖርበት ቤት ልስን ውስጥ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ እንዳለ ልብ አይለውም።

ፑሚሱ የሚሠራውን ሥራ የሸንኮራ አመድም ይሠራዋል። ሲሚንቶ ውሃ ሲነካው ሁለት ነገር ይፈጠራል፦ አሸዋውንና ጠጠሩን የሚያያይዘው ጠንካራ ውሕድ አንድ፣ ትርፍ ኖራ ሁለት። ትርፉ ኖራ ለጥንካሬ የሚረባ አይደለም፤ ውሃ ያጥበዋል፣ ጨውም ያጠቃዋል። አመድ ውስጥ ያለው ሲሊካ ይህን ትርፍ ኖራ ይዞ ወደ ተጨማሪ ጠንካራ ውሕድ ይለውጠዋል። ይህ እንዲሆን ግን ሲሊካው እንደ መስተዋት መልክ የሌለው መሆን አለበት። እሳቱ ከ600 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከሆነ እንዲህ ይሆናል። በጣም ከጋለ ሲሊካው ክሪስታል ሠርቶ ደንቆሮ ይሆናል፤ እሳቱ ካነሰ ደግሞ ያልነደደ ከሰል ይቀርና ውሃ ይጠጣል። እንግዲህ የአመዱ ዕጣ የሚወሰነው ሲሚንቶ ጋር ከመድረሱ በፊት፣ ምድጃው ውስጥ ነው።

በውጭ አገር ይህን ጉዳይ ያነሣሣው ሩዝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ሲሚንቶ ማቃጠል ሲወደድ፣ በካሊፎርኒያ በርክሌይ የሚያስተምሩት ትውልደ ህንዱ ፕሮፌሰር ኩማር ሜህታ የሩዝ ገለባ አመድ በልክ ከተቃጠለ ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ስኳር ዋና ሀብቷ የነበረው የኩባ ተመራማሪዎች፣ ማርቲሬና ኤርናንዴስና ባልደረቦቻቸው፣ የባጋስን አመድ ከኖራ ጋር ስለማያያዝ ጽሑፍ አወጡ። ኩባን የገፋት ችግር ነበር፤ ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ ነዳጅ ከጠፋ በኋላ ሲሚንቶም አብሮ ጠፍቶ ነበር። ብራዚላውያን በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተከትለው የአፈጫጩን ጉዳይ በጥልቀት አጠኑ።

ከ1990 እስከ 2004 ዓ.ም.፦ የወንጂ አመድ አዲስ አበባ ገባ

እኛ ዘንድ ችግሩ የመጣው ዘግይቶ ቢሆንም ሲመጣ ግን በአንድ ጊዜ ነው። ከ1995 ዓ.ም. በኋላ ኮንዶሚኒየሙ፣ መንገዱ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ግድቡ ሁሉ እኩል ተጀመረ። ሙገርና የመቀሌው መሰቦ ሲሚንቶ አልበቁም፤ ሲሚንቶ በወረፋ ሆነ፤ ከፓኪስታን ድረስ በመርከብ ተጫነ። ለጂቡቲ መንገድ ዳር ለሚገኙት የአፋር ከተሞች ይህ እንግዳ ትርኢት ነበር። ከሁለቱም አቅጣጫ የሚያልፈው ሲሚንቶ ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ሰመራ ላይ የሚራገፈው ደግሞ የኪሎ ሜትሩ ሒሳብ ተጨምሮበት ነው።

ወንጂ ላይ ለሃምሳ ዓመት የተጣለው አመድ ትኩረት ያገኘው በዚህ ወቅት ነው። ብሩክ ኃይሉ የተባሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪ ከፕሮፌሰር አበበ ድንኩ ጋር ሆነው ከፋብሪካው አመድ አመጡ፤ ጽሑፋቸው እ.ኤ.አ. በ2012 በምህንድስና መጽሔቱ «ዘዴ» ላይ ወጣ። የዚህ ታሪክ ማዕከላዊ ነጥብ ይህ ሥራ ስለሆነ ጥቂት ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ አመዱን ፈጩት። ከተፈጨው 85 ከመቶ ያህሉ 63 ማይክሮን በሆነ ወንፊት እስኪያልፍ ድረስ ላመ፤ የአንድ ግራም የገጽ ስፋት 4,716 ካሬ ሴንቲ ሜትር ደረሰ። ይህ ከተለመደው ሲሚንቶ ልመት የሚተናነስ አይደለም። ቀጥለው አመዱ ከ5 እስከ 30 ከመቶ ሲገባ የሲሚንቶው ሊጥ ምን ያህል ውሃ እንደሚፈልግና በስንት ሰዓት እንደሚጠነክር ለኩ። ከዚያ ዋናው ሥራ መጣ፤ ሲ-35 የሚባል ደረጃ ያለው ኮንክሪት በአራት ዓይነት አዘጋጁ። አንዱ ምንም አመድ የለበትም፤ በኪዩቢክ ሜትር 350 ኪሎ ግራም ኦፒሲ ብቻ ነው። በሌሎቹ ሦስቱ የሲሚንቶው 5፣ 15 እና 25 ከመቶ በአመድ ተተካ። የውሃው መጠን ለሲሚንቶው 0.55 ነበር።

ላቦራቶሪ ገብቶ የማያውቅ አንባቢ ምርመራው ምን እንደሚመስል ቢያውቅ አይከፋም። ትኩሱ ኮንክሪት የብረት ሳጥን ውስጥ ተሞልቶ፣ በዘንግ ተወግቶ ወይም በንዝረት ተጠቅጥቆ፣ በማግስቱ ይወጣል። የወጣው ኪዩብ ቀኑ እስኪደርስ ውሃ ውስጥ ይተኛል። በ7ኛውና በ28ኛው ቀን መጭመቂያው ማሽን ሥር ይገባል፤ መርፌው ቀስ እያለ ይወጣል፣ ኪዩቡ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ኃይለኛ ድምፅ አሰምቶ ይፈነዳል። የተጻፈው ቁጥር የዚያ ግንባታ ማለፊያ ወይም መውደቂያ ነው።

ውጤቱ እስከ 10 ከመቶ የሚሆነው ሲሚንቶ በወንጂ አመድ ቢተካ ኮንክሪቱ አመድ ከሌለበት ጋር የሚመጣጠን ወይም የሚሻል ጠባይ እንደሚያሳይ መሰከረ። ከዚያ ሲያልፍ ጥቅሙ ይቀንሳል።

10 ከመቶ ትንሽ ይመስላል። በኪዩቢክ ሜትር 35 ኪሎ ግራም ነው፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ክሊንከር በ1,450 ዲግሪ የሚቃጠል ነገር ነው፤ አንድ ቶን ሲመረት ከ800 ኪሎ ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣል። አመዱ ግን አንዴ ለስኳር ተብሎ ነድዷል፤ የሚጠይቀው መፍጫና መኪና ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የዚህ ዓይነት ጥናት በየዩኒቨርሲቲው በዛ። የቡና ገለባ አመድ፣ የጤፍ ጭድ አመድ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ አመድ ተራ በተራ ተፈተኑ። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻ የሚኖር አመድ ነው፤ ተማሪው ራሱ ትንሽ ምድጃ ውስጥ አቃጥሎት፣ ልኩን ጠብቆ፣ ጥሩ ቁጥር ያወጣበታል። ከፋብሪካ በቶን የሚመጣ አመድ እንዲህ አይታዘዝም። የጤፍ ጭድንም ለከብትና ለጭቃ ቤት ከሚፈልግ ገበሬ ነጥቆ ለሲሚንቶ ማቃጠል ሒሳብ አያወጣም። የወንጂው ሥራ የሚለየው በዚህ ነው፤ ሌላ ቦታ የነደደ፣ ባለቤቱ የጣለው፣ በብዛት ያለ አመድ ላይ የተሠራ ነው።

ከ1998 እስከ 2010 ዓ.ም.፦ ተንዳሆ

ጥናቱ በታተመበት ጊዜ፣ ታች ዱብቲ አጠገብ፣ የቀድሞው የጥጥ መሬት ላይ፣ የአገሪቱ ትልቁ የስኳር ፋብሪካ እየተተከለ ነበር። የተንዳሆ ግድብ 1.86 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ታስቦ ተሠራ። 50,000 ሄክታር ሸንኮራ በዱብቲና በአሳይታ ዙሪያ እስከ አፋምቦ አቅጣጫ እንዲለማ ታቀደ። ገንዘቡ ከህንድ ኤግዚም ባንክ የተገኘ፣ ለወንጂና ለፊንጫ ስኳር ፋብሪካዎችም የተካፈለ የ640 ሚሊዮን ዶላር ብድር ነበር። የመጀመሪያው ምዕራፍ በቀን 13,000 ቶን አገዳ እንዲጨምቅ፣ ሁለተኛው ሲጨመር 26,000 ቶን እንዲደርስ ነበር ሐሳቡ። መጓተቱ ብዙ አነጋገረ፤ በመጨረሻ በ2007 ዓ.ም. ፋብሪካው ስኳር አወጣ። በዚያው ዓመት ከሰምም በአዋሽ ሰባት አቅራቢያ ሥራ ጀመረ።

በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አልነበረም። 13,000 ቶን አገዳ በቀን ማለት፣ በስድስት ኪሎ ሒሳብ፣ ወደ 80 ቶን የሚጠጋ አመድ በቀን ነው። 10 ከመቶ ብቻ ቢገባ 800 ቶን ማያያዣ ላይ ይዳረሳል፤ ይህም ከሎግያ እስከ አፋምቦ ያለው ግንባታ በቀን ሊጠቀምበት ከሚችለው እጅግ የበዛ ነው። ሲሚንቶው ግን የሚመጣው ከሙገርና ከደርባ ፋብሪካዎች፣ ከ600 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ተጉዞ፣ ወይም ከድሬዳዋ ነው። ከሰመራ አሳይታ፣ ከአሳይታ አፋምቦ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጭነት፣ ሌላ ተመን።

የታችኛው አዋሽ ጠባይም አመዱን የሚፈልግ ነበር። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ኦፒሲ ሚክሰሩ ውስጥ ሳለ መቋጠር ይጀምራል፤ ሠራተኞች ጠጠሩን ጥላ ሥር የሚያደርጉት፣ ስላብ የሚሞሉት ከሌሊቱ ጀምረው ነው። ሲሚንቶው ሲቀንስ የሚያወጣው የራሱ ሙቀትም ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ ግን ጨው አለ። ለዓመታት በመስኖ የታረሰው የታችኛውና የመካከለኛው አዋሽ መሬት ጨው እያወጣ ነው። ጨው ያለበት ውሃ የመሠረቱን ኮንክሪት ሰርስሮ ፌሮው ጋ ሲደርስ ብረቱ ይዝጋል፣ ያብጣል፣ ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። ፖዞላና ያለበት ኮንክሪት ደግሞ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ለውሃና ለጨው ቶሎ አይከፈትም።

ሌላ ገጽ ደግሞ አለው። አመድ የገባበት ኮንክሪት ጥንካሬውን የሚያገኘው ዘግይቶ ነው፤ በ7 ቀን ያንሳል፣ በ28 ቀን ይደርሳል፣ በ90 ቀን ይበልጣል። እስከዚያ ውሃ መጠጣት አለበት። አፋር ውስጥ ጆንያ አልብሶ ጠዋት ማታ ውሃ የሚያጠጣ ሰው፣ ለዚያም የሚሆን ንጹሕ ውሃ በቦቴ ማስመጣት፣ ቀላል ወጪ አይደለም። ውሃ ሳያጠጡ አመድ መጨመር ኮንክሪቱን መጉዳት ነው። ይህን የሚያውቅ ተቆጣጣሪ «ይቅርብኝ» ቢል አይፈረድበትም።

አዲሶቹ ቦይለሮችም የራሳቸውን ጣጣ ይዘው መጡ። እንደ ወንጂ የድሮዎቹ ባጋሱን ለመጨረስ ሳይሆን ለፋብሪካው የሚበቃ፣ ለብሔራዊው የኤሌክትሪክ መስመርም የሚተርፍ ኃይል ለማውጣት የታቀዱ ናቸው። ግፊትና ሙቀት ሲጨምር ኃይሉ ይጨምራል፤ አመዱ ግን ከመልክ የለሽ ሲሊካ ወደ ክሪስታል የመሄዱ አደጋም አብሮ ይጨምራል። የወንጂው 10 ከመቶ በቀጥታ ለተንዳሆ አይተረጎምም። የእያንዳንዱ ምድጃ አመድ ለየብቻው፣ ያውም በየወሩ፣ መመርመር ይኖርበታል።

የሆነ ሆኖ ይህ ሁሉ ክርክር ሳይጀመር ፋብሪካው ራሱ ተሰናከለ። አገዳው በታሰበው ልክ አልለማም፤ መስኖው ሳይጠናቀቅ ቀረ፤ ማሽኑ በአቅሙ ሳይሠራ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆመ። የቆመ ፋብሪካ አመድ የለውም። አሮጌ ክምር ቢኖርም ለዝናብና ለነፋስ የተጋለጠ፣ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ ለመሬት ሙሌት እንጂ ለኮንክሪት አይሆንም።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ፦ ሲሚንቶ ሲወደድ፣ እሳቱ ሲጠፋ

ቀጣዮቹ ዓመታት የታሪኩን ሁለት ጫፍ ይበልጥ አራራቁት። የተንዳሆ መሬት ላይ ስንዴ ተዘራ። በ2012 ክረምት ማብቂያና በ2013 መጀመሪያ አዋሽ ሞልቶ ዱብቲን፣ አሳይታንና አፋምቦን አጥለቀለቀ፤ የቀረውንም የአገዳ ማሳ አበላሸ። ከዚያ የትግራይ ጦርነት መጣ፤ የመሰቦ ሲሚንቶ ከገበያ ጠፋ፤ ኩንታሉ ከ1,000 ብር አለፈ። መንግሥት ዋጋ ወሰነ፣ አከፋፋይ መረጠ፣ ደግሞ ፈታ። አመድ በዱቄት ይስቃል የሚባለው ለዚህ ጊዜ የተተረተ ይመስላል፤ ዱቄቱ በወርቅ ሲሸጥ የስኳር ፋብሪካ አመድ እዚያው ማሳ ዳር ይደፋ ነበር።

በ2017 መጀመሪያ የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ ሲመረቅ የአቅርቦቱ ጭንቀት ረገብ አለ። በዚያው ዓመት ግን በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ምድር መንቀጥቀጥ ለወራት ቀጠለ፤ የከሰም አካባቢ ነዋሪዎች ተነሡ፤ ግድቡም ያሳስብ ጀመር። በአዋሽ ላይ ካሉት አራት የስኳር ምድጃዎች የአፋር የሆኑት ሁለቱ፣ አንዱ በራሱ ድክመት፣ ሌላው በመሬት መናወጥ፣ ሊታመንባቸው የማይቻል ሆኑ።

አንዳንድ ሰው ታዲያ ሌላ አመድ ይጠቁማል። ሸለቆውን የወረረው ፕሮሶፒስ፣ አፋሮች «ደርጊ ሃራ» የሚሉት እሾሃማ ዛፍ፣ በየቦታው ከሰል እየሆነ ነው፤ አመዱስ? የእንጨት አመድ ካልሲየም ይበዛዋል፣ ሲሊካ ያንሰዋል፤ ፖዞላና አይሆንም። ዛፉ ለሲሚንቶ የሚጠቅመው በሌላ መንገድ ነው፤ ከውጭ በዶላር በሚመጣው የድንጋይ ከሰል ፈንታ እቶን ውስጥ ነዳጅ ሆኖ ቢነድ። ይህም ሐሳብ ከተነሣ ዓመታት ሆኖታል። የስንዴው አገዳስ ለሚለው ደግሞ፣ አፋር ውስጥ የእህል ገለባ የፍየልና የግመል መኖ ነው። በድርቅ ዓመት ገለባ አቃጥሎ ሲሚንቶ ቆጠብኩ የሚል ሰው ሰሚ አያገኝም፤ ማግኘትም የለበትም።

እኔ እንደሚመስለኝ የሸንኮራው አመድ የመጀመሪያ ቤቱ አፋምቦ አይደለም። ምድጃቸው ለብዙ ዓመታት ሲነድድ የኖረው ወንጂና መተሐራ ናቸው። አስፋልቱ ዳር፣ አዳማና ሞጆ በሚገነቡበት አካባቢ ተቀምጠዋል፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ፑሚስ የሚቆፍሩበት ስምጥ ሸለቆም አፍንጫቸው ሥር ነው። አገዳ የሚጨመቅበት በጋ ራሱ የግንባታ ወቅት ስለሆነ አመዱ ክረምት ሳያገኘው ሊነሣ ይችላል። ፑሚስ የሚፈጨው ወፍጮ አመዱንም ይፈጫል። ለታችኛው አዋሽ የሚሻለው በከረጢት ታሽጎ፣ ተመርምሮ የሚመጣ ቅይጥ ሲሚንቶ ነው እንጂ በየብሎኬት ማምረቻው በአካፋ የሚገመት አመድ አይደለም። ተንዳሆ አንድ ቀን እንደገና ቢነድድ ነገሩ ይለወጣል፤ ፋብሪካውን መንግሥት ለግል ባለሀብት ሊያዞር ከዘረዘራቸው ውስጥ አስገብቶት ነበር።

እስከዚያው አንድ የቢሮ ጉዳይ አለ። ኢትዮጵያ የምትከተለው የአውሮፓ የሲሚንቶ ደረጃ ክሊንከርን በከፊል ሊተኩ የሚችሉትን ነገሮች በስም ይዘረዝራል፤ የተፈጥሮ ፖዞላና አለ፣ የድንጋይ ከሰል አመድ አለ፣ የብረት ማቅለጫ ዝቃጭ አለ፣ የባጋስ አመድ ግን የለም። አንድ አማካሪ መሐንዲስ የዱብቲ ጤና ጣቢያ ኮለን ላይ ለመፈረም ሲቀመጥ የሚያየው ያንን ዝርዝር ነው። አመዱ እዚያ ስሙ እስኪገባ ድረስ ሊፈቀድለት የሚችለው ለብሎኬት፣ ለእግረኛ መንገድ ንጣፍና ለመሠረት ሥር ሙሌት ነው።